በጭጋግ አገር የሞተር አየር መግቢያ ለምን ይሞቃል?

  የዛሬው ትምህርታችን ለሾፌሮች፣ ለመካኒኮችና በየጋራዡ ሙያ ለምትለምዱ ወጣቶች ነው። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ አብራችሁን ቆዩ። የምንነጋገረው ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ሙቀት ስለሆነ ሞተር ብስክሌት ለሚነዳውም ሆነ ፊዚክስ ለሚያጠናው ተማሪ ይጠቅማል።

በስልክ የምናያቸው የመኪና ቪዲዮዎች ብዙ ነገር ያስተምራሉ። ከነሱ መካከል በተለይ የስፖርት መኪና ወዳጆች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ሥራ አለ። ሰውየው ኮፈኑን ይከፍታል፤ ከትሮትል ቦዲው ጋር የተያያዙትን ሁለት ቀጫጭን የውሃ ቱቦዎች ይነቅላል፤ ከዚያም ሁለቱን እርስ በርስ ያገናኝና ውሃው ትሮትል ቦዲውን ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል። «ሞተሩ አሁን ቀዝቃዛ አየር ስለሚስብ ጉልበቱ ጨመረ» ይላል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ወጪውም የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ እኛስ በኮሮላችን ወይም በያሪሳችን ላይ ብንሠራው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በቁጥር እንፈልገው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ትሮትል ቦዲ የሞተሩ አየር መግቢያ በር ነው። በአየር ፊልትሮው የተጣራው አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። መሐሉ ላይ በዘንግ የሚዞር ክብ ጠፍጣፋ ብረት አለ። ፔዳሉን ስትረግጡ ጠፍጣፋው ዞሮ መንገዱን ይከፍታል፤ ስትለቁት ይዘጋና ሞተሩ በሚኒሞ እንዲሠራ የምትበቃ ጠባብ ክፍተት ብቻ ትቀራለች። ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው፤ የእግራችን ሥልጣን በአየሩ ላይ ነው።

ዋን ኤን ዜድ የሚባለው ሞተር ያለውን ኮሮላ ወይም ያሪስ ከፍታችሁ ብታዩ፣ ወደ ትሮትል ቦዲው የሚመጡ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ታገኛላችሁ። በአንዱ ሙቅ ውሃ ከሞተሩ ይመጣል፤ በሌላው ይመለሳል። ውሃው ከአየሩ ጋር አይገናኝም፤ በአልሙኒየሙ ግድግዳ ውስጥ በተሠራለት መንገድ ዞሮ ይወጣል። ሞተሩ ሙቀቱን ሲይዝ ይህ ውሃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ ትሮትል ቦዲው እጅ የማያስነካ ይሆናል።

እንግዲህ የቪዲዮው ሰውዬ ሐሳብ መነሻው ትክክል ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሙቅ አየር ይልቅ እፍግ ያለ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ብዙ ኦክሲጅን ይይዛል። ብዙ ኦክሲጅን ማለት ብዙ ነዳጅ ማቃጠል፣ ብዙ ጉልበት ማለት ነው። የሚቀረው ጥያቄ «ስንት?» የሚለው ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሲሲ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰኮንድ 30 ሊትር ያህል አየር ይስባል። የትሮትል ቦዲው ቀዳዳ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው እንበል። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አየሩ በሰኮንድ 15 ሜትር እየሮጠ ያልፋል። ያችን 8 ሳንቲ ሜትር ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ የአንድ ሰኮንድ ከሺህ አምስት እጅ ገደማ ነው። በዚህች ቅጽበት የጋለው ግድግዳ አየሩን ሊያሞቀው የሚችለው በግምት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዲግሪ ነው። ሦስት ዲግሪ ማለት ከአየሩ እፍግታ ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። መቶ የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር አንድ ፈረስ። እሱም ቢሆን የሚገኘው ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው። ይህን ያህል ለውጥ በመለኪያ መሣሪያ እንኳ በአንዱ ሙከራና በሌላው መካከል ካለው ልዩነት ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። ሾፌር በወንበሩ ላይ ሆኖ ሊሰማው አይችልም።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ቁጥር ከአገራችን ከፍታ ጋር አስተያዩት። መኪኖቻችን በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚገቡት፤ እዚያ መሬቱ ከባሕር ወለል ጋር እኩል ነው። የካፋዋ ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከመቶ 18 እጅ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው፣ ወደብ ላይ መቶ የፈረስ ጉልበት የነበረው መኪና ቦንጋ ሲደርስ የሚቀረው 82 ያህል ነው። ከጎጀብ ቆላ ወደ ቦንጋ የሚወጣውን ዳገት የምታውቁ ሾፌሮች ይህን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። 18 ፈረስ የወሰደብን የአገራችን ከፍታ ነው፤ ከቱቦዋ የሚገኘው ትርፍ አንድ ፈረስ ቢሆን ነው።

ለመሆኑ ይህ ቱቦ የመንቀል ልማድ ከየት መጣ? በብዛት ከሚሠራባቸው መኪኖች አንዱ የአሜሪካው ሸቭሮሌት ኮርቬት ነው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤል ኤስ ዋን ሞተር ያለው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው ባለ ሁለት ወንበሩ ማዝዳ ኤም ኤክስ ፋይቭ ነው። እነዚህ መኪኖች ለውድድር ሜዳ ሲዘጋጁ ባለቤቶቻቸው እያንዳንዷን ዲግሪ ይቆጥራሉ። ደረቅ በሆነ የበጋ ቀን ለአጭር ጊዜ ተነድተው ወደ ጋራዥ ለሚመለሱ መኪኖች ነገሩ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። የእኛ መኪና ግን ክረምት ከበጋ፣ ሌሊት ከቀን የሚሠራ እንጀራችን ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሐንዲሶቹ ቱቦውን ያስቀመጡት በረዶን ፈርተው ነው። ሐኪም ቤት መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን በአልኮል ሲጠረግ ቅዝቃዜ እንደሚሰማን ሁላችንም እናውቃለን። አልኮሉ ሲተን ሙቀት ከቆዳችን ስለሚወስድ ነው። ቤንዚንም እንዲሁ ነው። ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር የሚቀላቅል ካርቡራተር ባለው ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ የሚተነው እዚያው አየሩ በሚያልፍበት ጠባብ ጉሮሮ ላይ ስለሆነ የአካባቢው ሙቀት 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ አየሩ በከፊል የተዘጋውን በር በጠባቡ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ይህም ተጨማሪ ቅዝቃዜ ያመጣል። አየሩ ውስጥ እርጥበት ካለ እርጥበቱ ወደ ውሃ፣ ውሃው ወደ በረዶ ይለወጥና በበሩ ጠርዝ ላይ ይጋገራል።

አሁን በእኛው በካፋ የሺሺንዳን የክረምት ጠዋት አስቡ። ሙቀቱ 12 ወይም 15 ዲግሪ ነው፤ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖታል፤ አየሩ ከዚህ በላይ እርጥበት ሊሸከም አይችልም። ከ15 ዲግሪ ላይ 20 ቀንሱ። ከዜሮ በታች አምስት ነው። በውጭ በረዶ የሚባል ነገር ሳይኖር ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራል ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የካፋ ደን፣ ቡናችንን ከጥላው ሥር የሚያሳድገው ደን፣ ያው ጭጋጉን የሚሰጠንም ነው። ለቡና የሚመች አየር ለካርቡራተር በረዶ ከሚመቹት አየሮች አንዱ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የትናንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ናቸው። ካርቡራተር ያላቸው አውሮፕላኖች ውስጥ ሙቅ አየር ወደ ካርቡራተሩ የሚለቅ ልዩ መያዣ በአብራሪው ፊት ይቀመጣል። የሚማሩትም የውጪው ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ቢሆንም እንኳ አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ በተለይ ለማረፍ የሞተሩን ጉልበት ሲቀንሱ፣ በረዶ ሊጋገር እንደሚችል ነው። ሰማይ ላይ የሚጠፋ ሞተር ዳር ይዞ የሚቆምበት ቦታ የለውም።

ወደ መሬት ስንመለስ አገራችንን ለረጅም ጊዜ ያገለገለችውን ቮልስዋገን ቢትልን እናገኛለን። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ታዲያ የሚያሞቅ ውሃ ሳይኖራት ካርቡራተሯ እንዴት በረዶ አይይዝም? መልሱን ኮፈኗን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ከካርቡራተሩ ሥር ወደ ግራና ቀኝ ከሚዘረጋው የአየር ቧንቧ ጋር ተጣብቃ አንዲት ቀጭን ቧንቧ ትሄዳለች። በእሷ ውስጥ የሚያልፈው የሞተሩ ትኩስ ጭስ ነው። ዘመን ሲጫናት ይህች ቧንቧ በጥላሸት ትደፈናለች። ያኔ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ቧንቧ ብታዩት በላብ ይረጥባል፤ ቀጥሎም ነጭ በረዶ ያወጣል። በእጅ ቢነኩት ቀዝቃዛ፣ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ያለው ሲሊንደር ደግሞ የሚያቃጥል! የቮልስ ባለቤት «ጠዋት ጠዋት ትደናቀፋለች፣ ጉልበት የላትም» ሲል ካርቡራተሩን ደጋግሞ ከመፍታት በፊት ይህችን ቧንቧ መመርመር ይገባል።

ዲኤክስ የምንላቸው የድሮ ኮሮላዎችም የራሳቸው መከላከያ አላቸው። ሙቅ ውሃ በአየር ማከፋፈያው ሥር ያልፋል፤ በተጨማሪም ከጭስ ማውጫው አጠገብ ሙቅ አየር ስቦ ወደ ፊልትሮው ቤት የሚያደርስ ቀጭን የቆርቆሮ ቱቦ ነበራቸው። ነበራቸው ያልኩት ይህ ቱቦ ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ስለሚጣል ነው። ሞተሩ ያለሱም ይነሳል፤ ስለዚህ ጥቅም የሌለው ይመስላል።

የካርቡራተር በረዶ መጥፎ ጠባዩ ማስረጃውን ራሱ ማጥፋቱ ነው። መኪናው ወይም ሞተር ብስክሌቱ ጠዋት ተነስቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ሾፌሩ ካንዴላ ይፈታል፣ የቤንዚን ቱቦ ይነፋል። በዚህ መሐል የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል። ከአምስትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። መኪናው ቀትር ላይ ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ምንም የለበትም። ስለዚህ እርጥብ በሆነ ጠዋት ብቻ እየጠፋ ራሱ የሚድን የካርቡራተር ሞተር ካጋጠማችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማሞቂያው በቦታው መኖሩን እዩ።

«የኔ መኪና ካርቡራተር የለውም፣ ኢንጀክሽን ነው» የምትሉ አላችሁ። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። በኢንጀክሽን ሞተር ቤንዚኑ የሚረጨው ከትሮትል ቦዲው ርቆ፣ በሞቀው ቫልቭ አጠገብ ነው። ትሮትል ቦዲው የሚያገኘው ቅዝቃዜ በግፊት መውረድ የሚመጣው ብቻ ስለሆነ በረዶ የሚያሰጋው የውጪው አየር ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። በቦንጋና በሺሺንዳ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልባት ደብረ ብርሃን፣ ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በባሌው ሰናቴ አምባ ላይ ግን ይኖራል። መኪና ደግሞ በአንድ ወረዳ ብቻ አይኖርም፤ ይሸጣል፣ ይጓዛል።

እንዲያውም እዚሁ ካፋ ውስጥ ለኢንጀክሽን ሞተር ቱቦዋ ሌላ ሥራ አላት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርገው በሰም የሚሠራ ቫልቭ ነው። ቅድም ያነሳነው ማዝዳም ይህ ቫልቭ አለው። ሰሙ የሞተሩን ሙቀት የሚያውቀው በዚያው ውሃ አማካይነት ነው። ውሃው ሲሞቅ ሰሙ ያብጣል፣ ተጨማሪ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ሚኒሞው ይረጋጋል። ቱቦውን ስታልፉት ሰሙ ሙቀት አይደርሰውም። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሚኒሞው ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ቤንዚን ያለ ሥራ ይቃጠላል። ለአንድ ፈረስ ብለን በየማቆሚያው ነዳጅ መክሰር፣ ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ማንም ሳይነቅላት ቱቦዋ ራሷ የምትደፈንበት ጊዜም አለ። ራዲያተር ላይ ውሃ ሲጎድል ከመንገድ ዳር ምንጭ ወይም ወንዝ ቀድቶ መሙላት የተለመደ ነው። ውሃው ጥሩ ቢመስልም ዝገትና ጨው የመሰለ ቅርፊት ይተዋል፤ መጀመሪያ የሚደፈነው ደግሞ ጠባቡ የትሮትል ቦዲ መንገድ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው። ሞተሩን አሙቁና አጥፉት፤ ከዚያም ሁለቱን ቱቦዎች ተራ በተራ ለቅጽበት ያህል በጨርቅ ላይ ያዙ። ሁለቱም እኩል ትኩስ መሆን አለባቸው። አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ ውስጡ ተደፍኗል። መድኃኒቱ ማጠብና ትክክለኛ ኩላንት መሙላት ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ክፍል ልለፍ። ቱቦውን ማገናኘት አንድ ነገር ነው፤ መድፈን ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ሰው ቱቦውን ይነቅልና አፉን በቡሎን ወትፎ በማሰሪያ ያስረዋል። ቅድም በጠቀስነው የኮርቬት ሞተር ላይ ይህች መስመር ከቴስታታው የሚወጣውን እንፋሎት ወደ ራዲያተር የምትመልስ ናት። ከተደፈነች እንፋሎቱ ቴስታታው ውስጥ ይታፈናል፤ እንፋሎት ባለበት ቦታ ውሃ የለም፤ ውሃ የሌለው ብረት ደግሞ ይጋላል። ከዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል፣ የቴስታታ መጣመም ይከተላል። በሌላ መኪናም ቢሆን በመስመሩ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ደጋ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ቦንጋ ላይ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታት ገና በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። በመሐል ያለው ልዩነት 12 ዲግሪ ብቻ ነው። የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በላዩ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ግፊት አምቆ የሚይዝበት ልክ ነው። ደህና ክዳን ካለ ቦንጋ ላይም ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ፣ ወይም በችኮላ ያገናኘናት ቱቦ በማሰሪያዋ በኩል የምታንጠባጥብ ከሆነ ግፊቱ ይጠፋል፤ ወደ 94 እንወርዳለን። በተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ያፈላል። ጉልበት እንጨምራለን ብለን የከፈትነው መገጣጠሚያ ሞተሩን የሚያሳጣን እንዲህ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከወትሮው ይልቅ የሚያሳስብ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው። ጉልበት የፈለገ ሰው የአየር ፊልትሮውን ያጽዳ ወይም ይለውጥ፤ የካፋ የበጋ አቧራ ፊልትሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ፈትቶ ማየት ነው። ትሮትል ቦዲውን ራሱን፣ የጠፍጣፋውን ጠርዝ የያዘውን ጥቁር ዝቃጭ፣ በተገቢው ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረግ። ካንዴላውን፣ የጎማውን ንፋስ፣ የሚያዝ ፍሬን እንዳለ ይመልከት። ከእነዚህ የሚመለሰው ጉልበት ከቱቦዋ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል።

ቱቦዋን ማገናኘት ትክክል የሚሆንበት አንድ ጊዜ አለ፤ እሱም በመንገድ ላይ ስትፈነዳ ነው። በሺሺንዳና በዋቻ መካከል ናችሁ እንበል፤ መሽቷል፣ መለዋወጫ የለም። መኪናውን አቁማችሁ ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ ጠብቁ፤ የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ትኩስ እያለ ፈጽሞ አትክፈቱ፣ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። ሁለቱን ቱቦዎች ከትሮትል ቦዲው ነቅላችሁ፣ የተቀደደውን ክፍል ቆርጣችሁ ጤነኛ ጫፎቻቸውን በልኩ በሆነ የብረት ወይም የመዳብ ቱቦ ቁራጭ አገናኙና በሁለቱም ወገን በማሰሪያ አጥብቁ። አትድፈኑ። ውሃ ሙሉ፤ የመኪናውን ማሞቂያ ወደ ሙቅ አዙሩ፤ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን ከቅዝቃዜው በሚኒሞ አስነሱና የሚወጣው የአየር አረፋ እስኪያቆም እየጨመራችሁ ቆዩ፣ ከዚያ ውሃው ሳይፈላ ክዳኑን ግጠሙ። በዝግታ እየነዳችሁ፣ የሙቀት ጠቋሚውን እያያችሁ ቤት መድረስ ትችላላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍታችሁ ልኩን እዩ፤ ጎድሎ ከሆነ ሙሉና መገጣጠሚያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ አለመርጠቡን አረጋግጡ። አዲሱ ቱቦ ሲገኝም መስመሩን ወደ ትሮትል ቦዲው መልሱ።